ከበሩ ውጪ የቆምኩበት የአፍሪካ ዋንጫ

እትዬ ብርቄ በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝ። ሰላምታ የለ፣ እንደምን ከረምሽ የለ። «ቆይ፤ እዚያው ቁሚ» አሉና መልሰው ዘጉብኝ።

እኔም ቆምኩ። የሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ፣ ብርቱካን የያዘ ፌስታል አንጠልጥዬ። ከውስጥ የኳስ ኮሜንታተር ድምፅ ይሰማል፤ ዋልያዎቹ እየተጫወቱ ነው፤ ከሰውየው አነጋገር እንደገባኝ ገና ዜሮ ለዜሮ ናቸው። በበሩ ሥር ደግሞ ያ ሽታ መጣ፤ የስፌት መኪና ዘይትና በካውያ የተተኮሰ አዲስ ጨርቅ። ካዛንቺስን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ስንቱን ዕቃ ትተው መኪናቸውን ግን ይዘው መጥተዋል ማለት ነው። ከላይ የሚወርድ አንድ ሰው «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ሥራ ላይ ነኝ ልለው ምንም አልቀረኝም።

እውነቴን ነው። አገራችን ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ የገባች ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ውድድሩንም የተከታተልኩት ልክ እንዲህ፣ ከእኚሁ ሴትዮ በር ውጪ ቆሜ ነው።

ካዛንቺስ የገባነው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነበር። ሰንጋ ተራ የነበረው ቤታችን ለልማት ሲፈርስ አባቴ ካዛንቺስ አንዲት ሱቅና ከሱቋ ጀርባ ካለው ግቢ ውስጥ ቤት ተከራየ። ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ነው፤ እኛ ከሰንጋ ተራ ተነስተን ካዛንቺስ ገባን፣ እትዬ ብርቄ ደግሞ በእርጅናቸው ከካዛንቺስ ተነስተው ሰንጋ ተራ። የዚያን ቀን ገና ፍራሻችን ከጭነት መኪናው ሳይወርድ መንገድ ዳር ያለው ትራንስፎርመር ዷ ብሎ ፈነዳ። ግቢው ሳምንት ሙሉ በሻማ ከረመ። ማንም ፊት ለፊት ምንም አላለንም። ጋሽ ታደሰ ግን፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌርና የግቢው አፈ ጉባኤ ቢጤ፣ ቧንቧው አጠገብ ቆመው «የእነዚህ ሰዎች እግር ደረቅ ነው መሰለኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማኋቸው።

እናቴን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። እግሩ እርጥብ የሆነ ሰው የገባበት ቤት ይሞላል፣ እግሩ ደረቅ የሆነ የገባበት ቤት ይጎድላል፣ ይህ ግን የሰው ወሬ ነው፣ ሁሉም በአላህ እጅ ነው አለችኝ። እንዲህ ብላኝ ስታበቃ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ቤት በገባን ቁጥር ቀኝ እግሬን እንዳስቀድም በክርኗ ትጎስመኝ ጀመር። እኔም ማታ ማታ ተኝቼ እግሮቼን አያቸዋለሁ። ከሌሎቹ ልጆች እግር የተለየ ምንም አላገኘሁባቸውም፤ ሆኖም ትራንስፎርመሩን ያፈነዳሁት እኔ እንደሆንኩ በልቤ አምኛለሁ።

እትዬ ብርቄ የሚኖሩት በግቢው ጥግ ነው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በራቸው ተዘግቶ ነው የሚውለው። ደንበኛ ጨርቁን በመስኮት ይሰጣል፣ የተሰፋውን በመስኮት ይቀበላል። ልጃቸው ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛላቸው ትልቅ ቴሌቪዥን እንዳላቸው ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ዳንቴሉ ተገልጦ ያየው ግን የለም። ኳሳችን እሳቸው ደጅ ከደረሰች በመርፌ ወግተው ይመልሷታል ይባል ነበር፤ ተወግታ የተመለሰች ኳስም ያየ የለም።

ከሱዳን ጋር የማጣሪያው የመልስ ጨዋታ የተደረገ ዕለት ወንዱ ሁሉ ወይ ስታዲየም ነው ወይ ቴሌቪዥን ያለበት ሆቴል። ሱዳን ላይ አምስት ለሦስት ተሸንፈን መጥተናል፤ ሁለት ለዜሮ ብናሸንፍ እናልፋለን። እናቴ ግን ስለ ኳስ ምን ጨነቃት፣ ርዝመቱ እንዲለቀቅ እትዬ ብርቄ ጋ የተሰጠውን ዩኒፎርሜን አምጪ ብላ ላከችኝ። መስኮቱን አንኳኳሁ፤ አይሰሙም፤ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። በዚያች ቅጽበት በስታዲየሙ በኩል ሰማዩ አገሳ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ደንግጬ በሩን ገፋሁትና፣ የእናቴ ክርን ትዝ ብሎኝ፣ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ገባሁ። እግሬ መሬት ሲነካ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ኳሷ መረቡን ነካች።

ዛሬ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። የስታዲየሙ ጩኸት በሰማይ ይመጣል፣ የቴሌቪዥኑ ትንሽ ይዘገያል፤ እኔ ስገባ ጎሉ ገብቶ አልቋል። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ያስባል? እትዬ ብርቄ ከመኪናቸው ተነስተው አቀፉኝ፤ ደረታቸው ላይ የሰኩት መርፌ ጉንጬን ወጋኝ። ዘይትና አዲስ ጨርቅ ይሸታሉ። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው ራቅ አደረጉኝና እግሬን አዩት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የባለሱቁ፤ የሸምሱ።»

«እስቲ ውጪና እንደገና ግቢ።»

ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ሰማዩ እንደገና አገሳ፤ ገባሁ፤ ሁለተኛው ጎል ገባ። እትዬ ብርቄ እልልታቸውን ለቀቁት። ያ ሁልጊዜ ዝግ የነበረ በር ወለል ብሎ ተከፈተና ግቢ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ምን ተገኘ ብለው ገቡ፤ ልጆች ገቡ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ወንዶቹም ከየሆቴሉ እየጨፈሩ መጥተው ገቡ። ሁሉም ታሪኩ ተነገራቸው። ጋሽ ታደሰ እግሬን ከላይ እስከ ታች መረመሩና «እኔ መጀመሪያ የገቡ ቀን ብያለሁ፤ የእነዚህ ሰዎች እግር እርጥብ ነው ብያለሁ» አሉ። የተቃወማቸው ሰው አልነበረም።

የዚያን ቀን ሰው ሁሉ «ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ተመለስን» እያለ ነበር የሚጨፍረው። እኔ የመሰለኝ ተጫዋቾቹ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ከቤታቸው ወጥተው ገና መድረሳቸው ነው። ስለዚህ በቴሌቪዥን ሳያቸው ምነው ፀጉራቸው አልሸበተም ብዬ ብዙ ተገረምኩ።

እስከ ጥር ድረስ ኑሮዬ የንግሥት ነበር። አዲስ ምንጣፍ ያነጠፈ መጀመሪያ እኔን ያስገባል። ፈተና ያለበት ልጅ ጠዋት ጠዋት ደጄ ቆሞ ይጠብቀኛል። እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ቤት ሳይቀር ጎንበስ ብዬ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ዶሮዋ ለበዓል ታረደች እንጂ አልጣለችም፤ ጥፋቱ ግን የዶሮዋ ነው ተባለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሱቅ ጥዬ እትዬ ብርቄ ጋ እገባለሁ። ለጥምቀትና ለኳሱ ባንዲራ ይሰፋሉ፤ ቤቱ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቁርጥራጭ ሞልቶበታል። የእኔ ሥራ ቁርጥራጩን በየቀለሙ መለየትና መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነው። እሳቸው በእግራቸው መኪናቸውን እየረገጡ ያወራሉ።

ያኔ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ጨዋታውን በሬዲዮ የሰሙት እዚሁ ቤት ነው፤ ግቢው ሙሉ ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጦ። ባላቸው የሬዲዮኑን አንቴና በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር አሉ፤ ከለቀቁት ይንጫጫል። «የሚቀጥለውን እዚያው ሄደን ነው የምናየው አለኝ። የሚቀጥለው ሳይመጣ እሱ ሄደ።» ይህን ብለው መኪናቸውን ትንሽ ፈጠን አድርገው ረገጧት። እኔ ነገሩ እንዲህ ገባኝ፤ ተጫዋቾቹን እዚህ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ባላቸው ሳያዩ የቀሩትን ነገር ለእትዬ ብርቄ የማሳየት ኃላፊነት በእኔ እግር ላይ ነው። ከባድ ነገር ነበር፤ ግን ደስ የሚል ከባድ።

ጥምቀት አልፎ ባንዲራው ከየመንገዱ ሳይወርድ የመጀመሪያው ጨዋታ ደረሰ። ከዛምቢያ ጋር፤ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ናት። እትዬ ብርቄ ቤት መርገጫ የለም። ጋሽ ታደሰ ወንበራቸውን ከቤታቸው ተሸክመው መጥተዋል። እኔ ከፊት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጫለሁ። ከስታዲየሙ ያለማቋረጥ የሚመጣውን የቩቩዜላ ጩኸት ስሰማ ዋንጫው የሚካሄድባት ደቡብ አፍሪካ የንብ አገር ናት ብዬ ደመደምኩ፤ እዚያ መካከል ሳይነደፉ መጫወታቸውም ደነቀኝ።

ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ሳትነው። ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህቺ ልጅ ተቀምጣ ምን ትሠራለች? እግሯ የሚሠራው ስትገባ አይደለም እንዴ? ሪጎሬያችንን ያስበላን ይኼ ነው።»

ተነስቼ ወጣሁ፤ በሩም ተዘጋ። ከውጪ የሚሰማኝ ድምፅ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ «በረኛውን አስወጡት! በረኛው ወጣ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። በጣም ደስ አለኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው እዚያም አለ፤ ተመልሶ ሲገባ ጎል እንዲመጣ አስወጥተውታል ማለት ነው። ሰዉ ለምን እንደሚያለቅስ አልገባኝም። መቼ ነው የሚያስገቡት እያልኩ ብቻዬን ስጠብቅ ዛምቢያ አገባች።

በእረፍት ሰዓት በእግሬ ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ ግራ እግሯን ታስቀድም አለ፤ ሌላው ጫማዋን ታውልቅ። ከእረፍት በኋላ አስገቡኝ፤ ምንም። አስወጡኝ፤ መልሰው አስገቡኝ፤ ምንም። በመጨረሻ ውጪ ረሱኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ በጠጠር ስጫወት ነፋስ ተነሳና የእትዬ ብርቄን አንሶላ ከገመዱ አውርዶ አፈር ላይ ዘረጋው። እግሬን ረሳሁት፤ ገድ የሚባለውንም ረሳሁት። በሩን ከፍቼ «እትዬ ብርቄ፣ አንሶላዎ ወደቀ» ስል ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አንድ ለአንድ! እኔ ያየሁት የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ቢኒ የሚባለው የግቢያችን ጎረምሳ ትከሻው ላይ ሰቅሎኝ ጣሪያው ጭንቅላቴን መታኝ፤ አልተሰማኝም። አንሶላው እስከ ማግስቱ እዚያው አፈር ላይ አደረ።

በዐሥር ሰው አቻ መውጣት እንደ ድል ተቆጠረ። ጋሽ ታደሰም ምሥጢሩን አገኘሁት አሉ። ልጅቷ ለይስሙላ ስትገባ አይሠራም፤ እግሯ የሚሠራው እውነተኛ ጉዳይ ይዛ ስትገባ ነው። እትዬ ብርቄም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ጉዳይ እዚያ በር መግባት ክልክል ሆነ።

ስለዚህ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት ጉዳይ ይፈበረክልኝ ጀመር። አባቴ ሱቁን እንዳይዘጋ ተነገረው። ክብሪት አምጪ ተባልኩ፤ ክብሪቱን ይዤ ስገባ አገቡብን። ጨው አምጪ ተባልኩ፤ ምንም። በኋላ የእነሱም በረኛ ወጣና በዐሥር ሰው በቀሩ ሰዓት፣ አሁን ነው ተብሎ ክር አስመጡኝ፤ ሁለት ሆነ። ሻማ፣ ሦስት። ጋሽ ታደሰ የያዙትን አይለቁም፤ ሳሙና አሉ። ሳሙናውን ይዤ ስገባ አራት ለዜሮ ሆኖ ዳኛው ፊሽካ ነፋ። የእትዬ ብርቄ ጠረጴዛ ሱቅ መስሏል። ማንም አልተቆጣኝም፤ ሁሉም ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። ያ ከቁጣ ይብሳል። በማግስቱ ቧንቧው አጠገብ ጋሽ ታደሰ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትራንስፎርመሩን እኮ ረስተነው ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

የመጨረሻው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ነበር። እኔ አልሄድም አልኩ። ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ሥር የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ለመነችኝ፣ አልሰማኋትም፤ አባቴ እኔ እንዳልሰማው ሬዲዮኑን ዘጋው። ኳስ ወዳድ አልነበረም፤ ግን ያን ቀን እጁ ደጋግሞ ወደ ሬዲዮኑ ሲሄድና ሲመለስ አይቼዋለሁ። ከግቢው ድምፅ የለም። ድምፅ ከሌለ ጎል የለም። እኔ ባልገባሁበት ቤት ነገሩ ደህና ነው፤ ስለዚህ እውነትም እግሬ ደረቅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ላልሞላው ሰው ይህ ትልቅ ሐዘን ነው፤ በጉልበቶቼ መሐል አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ።

የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ መርፌያቸው ደረታቸው ላይ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቁትን ነገር መሐሉ ላይ ጥለው መጥተዋል። አባቴ ብድግ አለ። እሳቸው በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው እኔን አዩኝ።

«ሐያት፣ ነይ ቤት እንግባ።»

«እኔ ከገባሁ ይገባብናል።»

«ይግባ።»

እጄን ያዙ። ግቢውን አቋርጠን በዚያ በር ሁለታችን አብረን ገባን፤ የቱ እግሬ እንደቀደመ አላስታውስም። ውጪ አላቆሙኝም። ፊት ለፊት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ዳኛው ለናይጄሪያ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ሰጠ፤ በረኛችንም እንደገና ወጣ። አሁን እንደማይመለስ ገብቶኛል፤ አሳዘነኝ። ገባ። በዚያ ዋንጫ በዓይኔ ያየሁት ጎል ከሁሉም እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሁለቱም የናይጄሪያ።

አለቀ። ከውድድሩ ወጣን። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ምን ሊሉ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ ቤቱም ያውቃል። እትዬ ብርቄ ቀደሟቸው።

«ታደሰ፣ የተቀመጥክበት ወንበር የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«ከቤትህ ተሸክመህ ካመጣኸው ስንት ቀኑ ነው? መልሰህ ያልወሰድከው ነገ ደግሞ እመጣለሁ ብለህ አይደለም?» ድምፃቸው አልጮኸም። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን በር ገፍቶ የገባ አንድ ሰው ይህቺ ናት። እናንተ ሁላችሁ እሷን ተከትላችሁ ነው የገባችሁት። ቤቴ መቀመጫ እስኪጠፋ ሞልቷል። ከዚህ የረጠበ እግር ካለ አምጣና አሳየኝ።»

ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ ወንበራቸውን አዩ፣ ከዚያ ሰዉን አዩ፣ ከዚያ እግሬን አዩ። «ሲያልቅ አያምር ሆኖ ነው እንጂ፣ እኔ መቼ ሌላ አልኩ» አሉ። ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላውቅም። ቢኒ ባዶ ጀሪካን አምጥቶ ይመታ ጀመር፤ የተሸነፍነውን ረስተን፣ አይ፣ ሳንረሳ፣ ሁለት ለዜሮ እንደተሸነፍን እያወቅን ጨፈርን። እናቴና አባቴ ሱቁን ዘግተው መጡ። እትዬ ብርቄ ከሰፉት ባንዲራ የተረፈውን ቁራጭ እጄ ላይ አሰሩልኝ። መንገድ ላይ ታክሲዎች ጥሩምባቸውን ይነፉ ነበር፤ የሰውን ጭፈራ ከሩቅ ላየ አሸናፊው ማን እንደሆነ አይለይም። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ታደሰ አዲስ የገዙትን ፍሪጅ በር ላይ አስቁመው፣ ሐያት ቀድማ ካልገባች ፍሪጁ አይገባም አሉ። ወንበራቸውን ግን ግቢው እስኪፈርስ ድረስ ከእትዬ ብርቄ ቤት አላወጡትም።

ይኸው አሁንም ቆሜያለሁ። ደረጃው ይቀዘቅዛል፤ ፌስታሉ ጣቴን ቆርጦኛል። ከውስጥ መኪናዋ ትንሽ ትሄድና ትቆማለች፤ አደገኛ ኳስ ሲመጣ እግራቸውን ያነሳሉ። በመጨረሻ በሩ ገርበብ አለ። አርጅተዋል፤ መርፌያቸው ግን ደረታቸው ላይ ነው።

«ምን ጉዳይ ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

«ብርቱካን።»

«ብርቱካን እዚህም ሞልቷል። እውነተኛውን።»

«ምንም ጉዳይ የለኝም፣ እትዬ ብርቄ። ናፍቀውኝ ላይዎት ብዬ ነው።»

ከኋላቸው ኮሜንታተሩ ኮርና አገኘን እያለ ይጮሃል፤ አልዞሩም። በሩን እስከ ግድግዳው ወለል አድርገው ከፈቱት።

«እሱማ ዋናው ጉዳይ ነው፤ ግቢ» አሉ። «በቀኝሽ።»